ያገለገለ ራም፦ «ተነሣ» ማለት «ጤነኛ ነው» ማለት አይደለም
ዋጋው ሲንር ያልተፈተሸውም አብሮ ገበያ ይወጣል

በተለምዶ «ራም» የሚባለው የኮምፒዩተር ሜሞሪ ዋጋ እ.ኤ.አ. ከ2025 አጋማሽ ወዲህ በዓለም ገበያ በከፍተኛ ፍጥነት አሻቅቧል። አዲሱ ሲወደድ ያገለገለው መፈለጉ አይቀርምና፣ ከአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ተነቅሎ የሚሸጠው ራም ከተራ መለዋወጫነት ወጥቶ ራሱን የቻለ ሸቀጥ ሆኗል። ይሁን እንጂ ይህ ሸቀጥ ከሌሎች ያገለገሉ ዕቃዎች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ጎማ ሲያረጅ ጥርሱ ያልቃል፤ ባትሪ ሲደክም ቻርጅ አይዝም፤ ራም ግን ቢታመምም መልኩ አይለወጥም። ከአዲሱ ጎን ቢቀመጥ ዓይን አይለየውም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የተበላሸ ራም ብዙውን ጊዜ ኮምፒዩተሩን አስነሥቶ፣ ዊንዶውስ ከፍቶ፣ በገዢ ፊት «ሠርቶ» የሚታይ መሆኑ ነው።

በመሆኑም በዚህ ንግድ ትርፍና ኪሳራን የሚወስነው የመግዣው ዋጋ ብቻ አይደለም። ዕቃው ከመሸጡ በፊት እንዴትና ለስንት ሰዓት ተፈተሸ የሚለው ጥያቄ ከዋጋው የማይተናነስ ድርሻ አለው።

ዋጋው ለምን ናረ?

የዓለምን የሜሞሪ ምርት አብዛኛውን ድርሻ የያዙት ሦስት ኩባንያዎች ናቸው። እነሱም የደቡብ ኮሪያዎቹ ሳምሰንግና ኤስኬ ሃይኒክስ እንዲሁም የአሜሪካው ማይክሮን ናቸው። እነዚህ አምራቾች የፋብሪካ መስመሮቻቸውን ለአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ዳታ ሴንተሮች ወደሚያገለግለው ውድ ሜሞሪ ሲያዞሩ ለተራው ኮምፒዩተር የሚተርፈው አነሰ። ዲዲአር 4 የሚባለውን የቀድሞ ትውልድ ማምረትም እየቀነሱ መጡ። ማይክሮን በዲሴምበር 2025 «ክሩሺያል» በሚል ስም ለግለሰብ ተጠቃሚዎች ሲያቀርበው ከነበረው ንግድ እንደሚወጣ አስታውቋል።

የሜሞሪ ገበያ እንዲህ ሲናወጥ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1993 በጃፓን ኒሃማ ከተማ የሚገኘው የሱሚቶሞ ኬሚካል ፋብሪካ በፍንዳታ ሲጎዳ፣ ቺፕ የሚሸፈንበት ሙጫ ሊጠፋ ነው በሚል ሥጋት ዋጋው ወደ ላይ ተተኩሷል። በሴፕቴምበር 1999 ታይዋንን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥም፣ በሴፕቴምበር 2013 በቻይና ዉሺ ከተማ በኤስኬ ሃይኒክስ ፋብሪካ የተነሣው እሳትም ተመሳሳይ ንረት አስከትለዋል። ሰው ሠራሽ ንረትም ነበር፤ ሳምሰንግ ከሌሎች አምራቾች ጋር ተመሳጥሮ ዋጋ በመወሰኑ እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የ300 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማምቷል። የእነዚህ ዓመታት ታሪክ ለነጋዴው የሚያስተምረው ነገር አለ። የሜሞሪ ዋጋ እንደወጣ አይቀርም። በውድ ጊዜ የተሸጠ ብልሹ ራም ዋጋው ከወረደ በኋላ ተመልሶ ቢመጣ፣ ሻጩ የሚመልሰው ገንዘብ ዕቃው በዚያን ጊዜ ከሚያወጣው ይበልጣል።

በአገራችን ደግሞ ሌላ ምክንያት ተጨምሯል። ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። አዲስ ማስመጣት ሲከብድ ዓይን ሁሉ ወደ አሮጌው ይዞራል።

ያገለገለው ዕቃ ምንጩ ብዙ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ወደ ዊንዶውስ 11 ማደግ የማይችሉ መሥሪያ ቤቶች ያወጧቸው ማሽኖች ተፈትተው ራማቸው ለብቻ ይሸጣል። ዱባይ የሚመላለስ ነጋዴ በቡር ዱባይ «ኮምፒዩተር ስትሪት» በመባል የሚታወቀውን የኻሊድ ቢን አል ወሊድ መንገድ ያውቀዋል። ቻይና የሚሄደው ደግሞ የሼንዠኑ ኹዋቺያንግቤይ እንግዳ አይሆንበትም። በእነዚህ ሥፍራዎች ራም በፍሬም በጅምላም ይገዛል። በጅምላ የሚገዛው ግን ከየትኛው ማሽን ላይ፣ በምን ምክንያት እንደተነቀለ የሚናገር ወረቀት የለውም። ባለቤቱ ማሽኑን ስለቀየረ የተነቀለ ሊሆን ይችላል። ኮምፒዩተሩ በየቀኑ እየጠፋ ስላስቸገረ የተነቀለም ሊሆን ይችላል።

«አስነሥቼ አይቼዋለሁ»

በገበያው የተለመደው ፍተሻ አንድ ነው። ራሙ ማሽን ላይ ይሰካል፣ ቁልፉ ይጫናል፣ ስክሪኑ ይበራል፣ መጠኑ «8 ጂቢ» ብሎ ይጻፋል፤ ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ይሸጋገራል። ይህ ፍተሻ የሚያረጋግጠው ራሙ ፈጽሞ እንዳልሞተ ብቻ ነው።

ምክንያቱ ቁጥሩን ሲያዩት ግልጽ ነው። አንድ ባለ 8 ጂቢ ራም በውስጡ ከ68 ቢሊዮን በላይ ሕዋሳት አሉት። እያንዳንዱ ሕዋስ አንድ ኤሌክትሪክ ያዥ ነጥብ ሲሆን፣ «ዜሮ» ወይም «አንድ» የሚለውን ምልክት ይይዛል። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ የሚያደርገው ምርመራ ሴኮንዶች የሚፈጅ በመሆኑ እነዚህን ሁሉ አያዳርስም። ዊንዶውስም ሲከፈት የሚጠቀመው የሜሞሪውን ከፊል ብቻ ነው። ብልሹው ሕዋስ ባልተነካው ክፍል ውስጥ ከሆነ ማሽኑ ያለ አንዳች እንከን ይነሣል።

ችግሩ የሚወጣው ገዢው ቤቱ ገብቶ ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ሲከፍት ነው። ማሽኑ ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ ይጠፋል። ሲያስነሡት ይነሣል፤ በማግሥቱ ደግሞ ይደግማል። ገዢው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ቫይረስን ነው። ባለሙያ ጠርቶ ያስፎርማል። ዊንዶውስ ሲጫን በመሐል «ፋይሉ ተበላሽቷል» ብሎ ያቆማል። ከዚያ ጥፋቱ ወደ ሃርድ ዲስኩ ይዞራል፤ እሱም ይቀየራል። ራሙ ላይ የሚደረሰው ብዙ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ነው።

ይህ እንኳ ቀላሉ ጉዳት ነው፤ ምክንያቱም ማሽኑ ጠፍቶ መታመሙን ተናግሯል። የከፋው ማሽኑ ሳይጠፋ ቁጥር ሲለውጥ ነው። አንድ ቢት ሲገለበጥ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ለማየት በሜይ 2003 በቤልጅየም የተፈጸመውን መጥቀስ ይበቃል። በብራስልስ ስካርቤክ በተባለው ክፍል በኤሌክትሮኒክ ዘዴ በተካሄደ ምርጫ፣ አንዲት ተወዳዳሪ ልታገኝ ከምትችለው በላይ ድምፅ አግኝታ ተገኘች። ሲጣራ ትርፉ 4,096 ድምፅ ሆነ። ይህም በኮምፒዩተር ቆጠራ 13ኛው ቢት ከዜሮ ወደ አንድ ሲገለበጥ የሚጨመረው መጠን በትክክል ነው። መንሥኤው በሜሞሪ ውስጥ በራሱ የተገለበጠ ቢት ሳይሆን አልቀረም ተብሏል። ያው ቢት በሒሳብ መዝገብ ላይ ቢገለበጥ 1,000 ብር የነበረው 5,096 ብር ይሆናል። በመድኃኒት መደብር፣ በትራንስፖርት ድርጅት ወይም በሒሳብ ሠራተኛ ማሽን ላይ ብልሹ ራም የገጠመ ሻጭ፣ የሸጠው ዕቃ እንዲህ ያለ አደጋ ይዞ ሊሄድ እንደሚችል ልብ ሊል ይገባል።

የብልሽቱ ዓይነቶች

ባለሙያዎች የራም ብልሽትን በአምስት ከፍለው ማየት ይቀናቸዋል። እያንዳንዱ የሚገለጥበት መንገድ የተለያየ በመሆኑ አንድ ዓይነት ፍተሻ ለሁሉም አይበቃም።

አንደኛው የደረቀ ሕዋስ ነው። ምንም ቢጽፉበት ሁልጊዜ «ዜሮ» ወይም ሁልጊዜ «አንድ» ብሎ ይመልሳል። ይህ ቀላሉ ሲሆን በመጀመሪያው ዙር ፍተሻ ይያዛል።

ሁለተኛው የጎረቤት ጥፋት ነው። ሕዋሱ ለብቻው ሲፈተሽ ጤነኛ ነው፤ ጎረቤቱ ላይ ሲጻፍ ግን የራሱን ይረሳል። ይህን ለማግኘት ፈታሹ ፕሮግራም ሕዋሳቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በተራ እየተመላለሰ መጻፍና ማንበብ ይኖርበታል።

ሦስተኛው የአድራሻ ስሕተት ነው። ወደ አንድ ቦታ የተላከው መረጃ ሌላ ቦታ ያርፋል፤ ወይም ሁለት ቦታ በአንድ ጊዜ ይጻፋል።

አራተኛው የሚያንጠባጥብ ሕዋስ ነው። የሜሞሪ ሕዋስ የያዘውን ኤሌክትሪክ ቀስ በቀስ የሚያፈስ በመሆኑ፣ በየ64 ሚሊሴኮንዱ እንደገና ይሞላል። ሙቀት ሲጨምር ማፍሰሱም ይፈጥናል፤ በዚህም ምክንያት ቺፑ ከ85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ መሙላቱ በየ32 ሚሊሴኮንዱ እንዲሆን ተደንግጓል። የደከመ ሕዋስ ግን ይህን ጊዜ ሳይጠብቅ ይረሳል። በአዲስ አበባ የጠዋት ብርድ ለአምስት ደቂቃ ተፈትሾ ያለፈ ራም ድሬዳዋ ወይም ሠመራ ከሄደ በኋላ ማስቸገሩ የሚያስደንቅ አይሆንም።

አምስተኛው የመገናኛ ጥፋት ነው። የጥርሶቹ መቆሸሽ፣ የብየዳ መሰንጠቅ ወይም ከሰሌዳው ጫፍ የወደቀ ጥቃቅን አካል ሊሆን ይችላል። ይህ ዓይነቱ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም።

በመጀመሪያ ዓይንና እጅ

የኮምፒዩተር ፍተሻ ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ በዓይን የሚለየውን አስቀድሞ መለየት ጊዜ ያተርፋል። ከሰሌዳው ላይ የወደቀ ቅንጣት ያለበት፣ የተቃጠለ ጥርስ የሚታይበት ወይም ቺፑ እንደገና የተበየደ የሚመስል ፍሬ በመጀመሪያው ምርጫ ይወገዳል። ጥርሶቹ የቆሸሹት በንጹሕ አልኮልና በለስላሳ ጨርቅ ይጠረጋሉ። በላጲስ መፈግፈግ የተለመደ ቢሆንም ብናኙ ተጠርጎ መውጣት አለበት፤ ስሎት ውስጥ ከገባ ሌላ ችግር ያመጣል። ራም ሁልጊዜ በጠርዙ ይያዛል። በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ተቀላቅሎ እየተፋተገ የሚጓጓዝ ራም በሰውነትና በላስቲክ ላይ በሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ሊጎዳ ይችላል።

ቀጥሎ የሚታየው ዕቃው ምንነቱ ነው። በገበያ «ተበላሽቷል» ተብሎ የሚመለሰው ሁሉ የተበላሸ አይደለም፤ ያለ ቦታው የተሰካም ይበዛል። የዴስክቶፕ ዲዲአር 3 ጥርሱ 240 ሲሆን ዲዲአር 4 እና ዲዲአር 5 ባለ 288 ናቸው፤ ነገር ግን የመሐሉ ስንጥቅ ቦታው ስለሚለያይ እርስ በርስ አይገቡም። በላፕቶፕ ደግሞ ዲዲአር 3 ባለ 204፣ ዲዲአር 4 ባለ 260፣ ዲዲአር 5 ባለ 262 ነው። በዲዲአር 3 ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። «ፒሲ3» የተጻፈበት በ1.5 ቮልት፣ «ፒሲ3ኤል» የተጻፈበት በ1.35 ቮልት ይሠራል። ዝቅተኛውን ብቻ የሚቀበል ላፕቶፕ የመጀመሪያውን ቢሰኩበት ላይነሣ ይችላል።

ከሁሉ በላይ ነጋዴ የሚከስርበት የሰርቨር ራም ነው። «ሬጂስተርድ» የሚባለው ዓይነት ከዳታ ሴንተር በብዛት ስለሚወጣ በርካሽ የሚገኝበት ጊዜ አለ። በዲዲአር 4 ትውልድ ቅርጹ ከዴስክቶፑ ጋር አንድ ስለሆነ ስሎቱ ውስጥ ያለ ችግር ይገባል፤ ማሽኑ ግን አይነሣም። መለያው በሰሌዳው መሐል የሚታየው ተጨማሪ ቺፕ ነው። በአንድ ረድፍ በስምንት ፈንታ ዘጠኝ የሜሞሪ ቺፕ ካለ ደግሞ ስሕተት የሚያርመው ዓይነት ነው። ሬጂስተርድ የሆነውን ዓይነት በተራ ዴስክቶፕ መፈተሽ አይቻልም። ስሕተቱን እያረመ ስለሚሸፍንም የማሽኑን የስሕተት መዝገብ ማንበብ ያስፈልጋል።

የተለጠፈውን ወረቀት ብቻ ማመንም አይገባም። በእያንዳንዱ ራም ላይ የዕቃውን መጠን፣ ፍጥነትና አምራች የያዘች አንዲት ትንሽ ቺፕ አለች። «ሲፒዩ-ዚ» የመሰሉ ነፃ ፕሮግራሞች ጽሑፏን ያነባሉ። ወረቀቱ የሚለውና ቺፗ የምትለው ካልተስማሙ ዕቃው ተነካክቷል። ይህችም ቺፕ እንደገና ልትጻፍ ስለምትችል፣ በሜሞሪ ቺፖቹ ጀርባ የታተመውን ቁጥር ማነጻጸር ተጨማሪ ማረጋገጫ ይሆናል። ለምሳሌ ያህል የሳምሰንግ ዲዲአር 3 ቺፕ በ«ኬ4ቢ»፣ ዲዲአር 4 ደግሞ በ«ኬ4ኤ» ይጀምራል።

የሌሊቱ ፍተሻ

ዋናው ፍተሻ የሚካሄደው ከፍላሽ ላይ በሚነሣ ፕሮግራም ነው። በሙያው የታወቀው «ሜምቴስት86» በክሪስ ብሬዲ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1994 ሲሆን፣ ከ2013 ወዲህ በአውስትራሊያው ፓስማርክ ኩባንያ እጅ ነው። ነፃው ዕትም እስከ አራት ዙር ይፈትሻል። ከዚሁ የወጣው «ሜምቴስት86 ፕላስ» ደግሞ ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው። በዊንዶውስ ውስጥ ያለው የሜሞሪ መመርመሪያ ለችኮላ ይረዳል እንጂ የእነዚህን ያህል ጥልቀት የለውም።

እነዚህ ፕሮግራሞች ከዊንዶውስ በፊት ስለሚነሡ የራሙን አብዛኛውን ክፍል ለብቻቸው ያገኙታል። የተለያየ ምልክት እየጻፉ፣ እየጠበቁ፣ እያነበቡ፣ ከላይ ወደ ታችና ከታች ወደ ላይ ይመላለሳሉ። አንድ ዙር ማለፍ ለሽያጭ አይበቃም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ዙር የሚያስፈልገው ዕቃው በሚገባ ከሞቀ በኋላ የሚገለጠውን የሚያንጠባጥብ ሕዋስ ለመያዝ ነው። አራት ሙሉ ዙር ከማታ እስከ ጠዋት መተው ጥሩ ልማድ ነው። የማሽኑን ክዳን ከፍቶ በነፋስ እያቀዘቀዙ መፈተሽ ግን ራስን ማታለል ነው፤ ገዢው የሚጠቀመው ክዳኑን ዘግቶ ነው።

ብዙ ፍሬ ያለው ነጋዴ አራት ስሎት ባለው ዴስክቶፕ ላይ አራቱን በአንድነት ሊፈትሽ ይችላል። ስሕተት ካልታየ አራቱም አለፉ። ከታየ አራቱ ተለያይተው በየተራ ይፈተሻሉ። በዚህ መንገድ የማሽኑ ሰዓት ቢረዝምም የሰው ድካም በእጅጉ ይቀንሳል።

መብራት የሚቋረጥበት ሰፈር ላይ ያለ ሰው ፍተሻውን ያለ ዩፒኤስ ባይጀምር ይመረጣል። በመሐል የተቋረጠ ፍተሻ እንዳልተደረገ ይቆጠራል። ለላፕቶፕ ራም ባትሪው ጤነኛ የሆነ አሮጌ ላፕቶፕ ለዚሁ ሥራ መመደብ ሁለቱንም ችግር ይፈታል።

ስሕተት ሲታይ

በስክሪኑ ላይ ቀይ መስመር ሲወጣ ወዲያውኑ ራሙን መኮነን አይገባም። ጥፋቱ የስሎቱ፣ የማዘርቦርዱ ወይም ራሙ ከተሠራበት ፍጥነት በላይ እንዲሮጥ የተደረገበት የባዮስ ማስተካከያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማስተካከያው ወደ መደበኛው ይመለሳል፣ ራሙ ሌላ ስሎት ላይ ይሰካል፣ በቀድሞው ስሎት ላይም ጤነኛነቱ የታወቀ ራም ይገባል። ስሕተቱ ራሙን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የራሙ ነው፤ ስሎቱ ላይ ከቀረ የማሽኑ ነው። ለዚህ ሲባል በየፍተሻ ጠረጴዛው አንድ የማይሸጥ፣ የታመነ ራም መቀመጥ አለበት።

የራሙ መሆኑ ከተረጋገጠ «አንድ ስሕተት ብቻ ነው» የሚል ምሕረት አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ2009 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲና የጉግል ተመራማሪዎች በጉግል ሰርቨሮች ላይ ለሁለት ዓመት ተኩል የተሰበሰበ መረጃ መርምረው ባወጡት ጥናት፣ በዓመት ውስጥ ከ8 በመቶ በላይ የሚሆኑ ራሞች ስሕተት እንደሚያሳዩ ገልጸዋል። አንድ ጊዜ የተሳሳተ ራም በዚያው ወር እንደገና የመሳሳት ዕድሉ ካልተሳሳተው በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥም አሳይተዋል። ዕድሜ ሲጨምር ስሕተት እንደሚበዛም ታይቷል። ይህ ያገለገለ ዕቃ ለሚነግድ ሰው ቀጥተኛ ትርጉም አለው፤ አንዴ የተሳሳተ ራም ገዢው ጋ ሄዶ መድገሙ አይቀርም ብሎ መያዝ ይሻላል።

አንድ ነገር ብቻ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የሜምቴስት86 አንዱ ክፍል አንድን ረድፍ ደጋግሞ በመደብደብ ጎረቤቱ ይረሳ እንደሆነ ይፈትናል። እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ በሆነ ጥናት ከተሞከሩት 129 ራሞች 110ሩ በዚህ ድብደባ ተሳስተዋል። ይህ ከእርጅና ይልቅ የአሠራሩ ድክመት ነው። ሌላውን ሁሉ አልፎ በዚህ ክፍል ብቻ የወደቀ ራም ከደረቀ ሕዋስ ጋር እኩል አይታይም። ሆኖም ለገዢው ተነግሮት ሊሸጥ ይገባል።

የወደቀው ዕቃ ተለይቶ በቀለም ምልክት ይደረግበታል። በሊኑክስ ብልሹውን ክፍል ዘሎ እንዲሠራ ማድረግ የሚቻልበት መንገድ ቢኖርም፣ እሱ ለራስ ማሽን እንጂ ለሽያጭ አይሆንም። ምልክት ያልተደረገበት ብልሹ ራም ቀን ጠብቆ ከጤነኛው ጋር ይቀላቀላል።

ስሌቱ ምን ይላል?

አንድ ነጋዴ 100 ፍሬ ራም እያንዳንዱን በ1,000 ብር ገዛ እንበል። ወጪው 100,000 ብር ነው። ከመቶው 8ቱ ብልሹ ይሁኑ፤ የመሸጫ ዋጋው 1,200 ብር ይሁን።

ሳይፈትሽ ሁሉንም ቢሸጥ 120,000 ብር ይሰበስባል። ስምንቱ ሲመለሱ 9,600 ብር ይከፍላል፤ የሚቀረው 110,400 ብር፣ ትርፉም 10,400 ብር ነው። ፈትሾ 92ቱን ብቻ ቢሸጥ የሚያገኘው ያው 110,400 ብር ነው። በወረቀት ሲታይ ፍተሻ ምንም አላተረፈም፤ ብዙዎች ፍተሻን የሚንቁትም ለዚሁ ነው።

ልዩነቱ የሚመጣው ከሁለት በኩል ነው። የመጀመሪያው፣ ብልሹውን በጊዜ ያገኘ ነጋዴ ለአቅራቢው ሊመልሰው ይችላል። ስምንቱ ከተመለሱለት 8,000 ብር ይተርፈዋል፤ ትርፉ 18,400 ብር ይሆናል። ሁለተኛው፣ «የተፈተሸ» ብሎ ዋስትና የሚሰጥ ሰው በ1,300 ብር መሸጥ ከቻለ 92ቱ 119,600 ብር ያስገኛሉ። ሁለቱ ሲደመሩ ትርፉ 27,600 ብር ይደርሳል። ከዚህ ላይ የመብራትና የሠራተኛ ወጪ ይቀነሳል። ያልፈተሸው ግን ከ10,400 ብሩ ላይ የሚቀነስ ሌላ ዕዳ አለበት። የተማረረ ደንበኛና የተጠራ ባለሙያ ያንን ትርፍ ለመብላት ብዙ ጊዜ አይፈጅባቸውም።

የጊዜው ስሌት ደግሞ የውሉን ቃል ይወስናል። 100 ፍሬ በአራት በአራት ሲከፈል 25 ምድብ ነው። አምስት ማሽን ያለው ነጋዴ በአምስት ሌሊት ይጨርሳል። ስምንቱ ብልሹዎች በስምንት የተለያዩ ምድቦች ውስጥ ከወደቁ 32 ፍሬ በተናጠል ይፈተሻል፤ ይህም በሌሊት አንድ ዙር ብቻ ቢሠራ ሰባት ሌሊት ነው። በድምሩ አሥራ ሁለት ሌሊት መሆኑ ነው። አቅራቢው የሰጠው የመመለሻ ጊዜ አንድ ሳምንት ከሆነ ፍተሻው ከማለቁ በፊት መብቱ ያልቃል። በግዢ ጊዜ አንድ መቶ ብር ከማስቀነስ ሦስት ሳምንት የመመለሻ ጊዜ ማስጨመር የሚሻልበት ሁኔታ አለ የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ለገዢና ለደላላ

ገበያው ሦስት ዓይነት ዕቃ በአንድ ስም እየጠራ ይሸጣል። አንደኛው ከማሽን እንደተነቀለ ያለ፣ ሁለተኛው «ተነሥቷል» የተባለ፣ ሦስተኛው ሙሉ ፍተሻ ያለፈ ነው። ሦስቱ አንድ ዋጋ ሊኖራቸው አይገባም። ያልተፈተሸን ዕቃ ያልተፈተሸ ብሎ በቅናሽ መሸጥ ነውር የለበትም፤ የሚፈትሽ ገዢ ይኖረዋል። ነውሩ አንደኛውን በሦስተኛው ዋጋ መሸጥ ነው።

ደላላም ቢሆን በቃል ከሚያማልል ማስረጃ ይዞ ቢያገናኝ ለራሱ ይበጀዋል። ማስረጃው ብዙ ወጪ የለውም። የራሙ መለያ ቁጥር፣ የተፈተሸበት ቀን፣ የፕሮግራሙ ስም፣ ያለፈው ዙር ብዛትና የስክሪኑ ፎቶግራፍ ይበቃል። መለያ ቁጥሩ ለሻጩም መከላከያ ነው። ገዢው የራሱን አሮጌ ብልሹ ራም «ያንተ ነው» ብሎ ቢያመጣ በመዝገብ ይለያል።

ገዢ በበኩሉ «ዋስትና አለው ወይ?» ብሎ ከመጠየቅ አልፎ «ስንት ቀን፣ በገንዘብ ነው ወይስ በለውጥ?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። የራም ብልሽት በሰዓታት ሥራ የሚገለጥ ስለሆነ ለአንድ ቀን የተሰጠ ዋስትና እንደሌለ የሚቆጠር ነው። የሳምንት ዋስትና ያገኘ ገዢ ግን ዕቃውን መሳቢያ ውስጥ ሳያስቀምጥ በመጀመሪያው ሌሊት ራሱ ሊፈትሸው ይገባል። ፕሮግራሙ ነፃ ነው፤ የሚያስፈልገው አንድ ፍላሽና አንድ ሌሊት ነው። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ እንደሚባለው፣ ብልሹው ራም የሚመለሰው ሻጩም ደረሰኙም በእጅ ሳሉ ነው።